ለመኪናው ቦሎ፣ ለባለ መኪናውስ?

በዚህ ገጽ የሲሚንቶ ዋጋ ወጣ፣ የዘይት ዋጋ ወረደ፣ ዶላር እንዲህ ሆነ ስንባባል እንከርምና አንዱን ዕቃ ሁልጊዜ እንረሳዋለን። መደርደሪያ ላይ የለም፣ ደረሰኝ አልተቆረጠለትም፣ መጋዘን ውስጥም አይቆጠርም። እሱ ከተበላሸ ግን ሱቁም፣ ቢሮውም፣ ፋብሪካውም ይቆማል። ዕቃው ሰው ነው። ዛሬ ስለ እሱ እንጨዋወት።

በአገራችን መኪና በየዓመቱ ይመረመራል። ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይበራል፣ ጎማው ይዳሰሳል። ካለፈ ቦሎ ይለጠፍለታል፤ ካላለፈ «አሠርተህ ተመለስ» ይባላል። ባለቤቱም ቢሆን አይሰንፍም። ዘይት የሚቀይርበትን ኪሎ ሜትር ከልጆቹ የልደት ቀን ይልቅ በቃሉ ይዞታል። ሞተሩ ትንሽ ካንኳኳ ከጋራዥ ጋራዥ ይዞራል፤ «ይቺ ድምፅ ትናንት አልነበረችም» እያለ እንቅልፍ ያጣል። የገዛ ደረቱ ሲያፏጭ ግን «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ይላል። ጉልበቱ ሲንቋቋ «ዕድሜ ነው» ይላል። ራሱን ሲያዞረው ደግሞ «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» ብሎ ሁለት ማኪያቶ ይጨምርበታል። ለሰው ቦሎ ቢኖር ኖሮ ስንቶቻችን በየመስቀለኛ መንገዱ ታርጋችንን ተፈትተን እንቆም ነበር!

እንግዲህ የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው። ትንሿን ሕመም በሸሸግን ቁጥር ትልቁን ሕመም በዱቤ እየገዛን ነው። ዱቤው ወለድ አለው። ወለዱን የሚከፍለው ደግሞ ታማሚው ብቻ አይደለም፤ አሠሪውም አብሮ ይከፍላል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የአንድ ወዳጃችንን ታሪክ እንንገራችሁ። ሰውየው በአንድ የንግድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ይሠራል። አንድ ቀን የድሮ ፋይል ይፈለግና መደርደሪያው ጫፍ ላይ ይገኛል። መሰላል የለም። ያለው ባለ ጎማ ወንበር ነው። ወዳጃችን ጫማውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ይወጣል። ወንበሩ ግን ሥራው መሄድ ነውና ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ወዳጃችን የቆጡን አወርድ ብሎ ወገቡን ጣለ።

ቢሮው ወዲያው ወደ ሆስፒታልነት ተለወጠ። አንዱ «ሞቅ ባለ ውሃ ጨው አድርገህ ያዘው» አለ። ሌላው «በረዶ ነው የሚሻለው» አለ። የሰው ኃይሉ ጸሐፊ «የእኔ አጎት እንዲህ ሆኖ ወጌሻ ነው ያዳነው» አለች። ሻይ የምታፈላው እትዬ ደግሞ ዳማከሴና ጤና አዳም ይዛ መጣች። ዳማከሴ ለወገብ ምን እንደሚሠራ ማንም አልጠየቀም፤ እሷ ለሁሉም ነገር የምትሰጠው እሱን ነው። ከዚህ ሁሉ ሐኪም መካከል «ዛሬ ወደ ቤትህ ሂድ፣ ነገ ታይተህ ና» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ወሩ የሒሳብ መዝጊያ ነበራ!

ወዳጃችንም ሒሳቡን ለመዝጋት ወገቡን ከፈተ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ ገዛ። አንዱ አላስታገሰው ሲል ሁለት አደረገው። ምሳ ሳይበላ ይውጠዋል፣ ቡና ያስከትልበታል። በ2 ሳምንቱ ወገቡ ትንሽ ሲተወው ሆዱ ጀመረው። እዚህ ላይ የቢሮው ሐኪሞች እንደገና ተሰበሰቡና በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ «ጨጓራህ ነው፤ ያመጣብህም አለቃችን ነው!»

አለቆች ብዙ ኃጢአት አለባቸው፤ ይሄኛው ግን ሙሉ በሙሉ የእነሱ አይደለም። ጨጓራ በንዴት ብቻ የሚመጣ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ባሪ ማርሻል የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ ታመመና ብዙውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ያ ባክቴሪያ መሆኑን ለማሳየት በቃ። ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት። ከባክቴሪያው ቀጥሎ ደግሞ ዋነኛው ተጠያቂ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳሉ፣ አንዳንዴም ያደማሉ። ማርሻል ጨጓራውን ያሳመመው ለሳይንስ ነው፤ ወዳጃችን ግን ለወር መዝጊያ!

መጨረሻውን ገምታችሁት ይሆናል። ደም አስታውኮ በሰው ድጋፍ ሐኪም ቤት ገባ። 3 ቀን ያልቀረው ሰው 5 ሳምንት ቀረ። ሲመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እሱን «ቀለል ያለ ሥራ ይሻልሃል» ብለው ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩት። ሥራው ቀለለ፤ ከሥራው ጋር የኃላፊነት አበሉም አብሮ ቀለለ። ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ክፍያ ግን አልቀለለም።

እስቲ እንደ ገበያ ሰው ሒሳቡን እንሥራው። ደመወዙ 13 ሺሕ ብር ነው እንበል። ወሩን በ26 የሥራ ቀን ስናካፍለው የአንድ ቀን ዋጋው 500 ብር ይሆናል። በወደቀ ማግስት 3 ቀን ቢያርፍና ቢታከም ድርጅቱን የሚያስወጣው 1 ሺሕ 500 ብርና የአንድ ምርመራ ዋጋ ነው። 5 ሳምንት ሲቀር 30 የሥራ ቀን ነው፤ 15 ሺሕ ብር። በዚህ ላይ የሆስፒታሉ ወጪ፣ የተተኪው ሰው ሥልጠና፣ ተተኪው እስኪለምድ የተሳሳታቸው ቁጥሮች አሉ። ድርጅቱ 1 ሺሕ 500 ብር ለማዳን ብሎ ከ10 እጥፍ በላይ ከፈለ። በዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ንግድ የሚነግድ ነጋዴ ቢኖር በአንድ ወር ውስጥ ሱቁን ይዘጋ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የሚያሳዝነው ነገር ወዳጃችንም አለቃውም ሕጉን አለማወቃቸው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ የደረሰን አደጋና ተራ ሕመምን ለይቶ ነው የሚያያቸው። ሠራተኛው ሥራውን በማከናወን ላይ ሳለ ከወደቀ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። የሕክምናው፣ የሆስፒታሉና የመድኃኒቱ ወጪ የአሠሪው ነው። ለጊዜው መሥራት ካልቻለ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶውን ያገኛል። አሠሪው «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ብሎ አያመልጥም። ጉዳቱን ሠራተኛው ሆን ብሎ ካላደረሰው፣ ለምሳሌ ሰክሮ ካልመጣ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ካልጣሰ በስተቀር ኃላፊነቱ የአሠሪው ነው። በወዳጃችን ቢሮ ደግሞ እንኳን የደኅንነት መመሪያ መሰላልም አልነበረም። እሱ ግን የመድኃኒቱን ከኪሱ ከፈለ፤ የሆስፒታሉን ከዕቁቡ።

ከሥራ ጋር ያልተያያዘ ሕመም ቢሆንም ሕጉ ባዶ እጅ አይሰድም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያውን 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹን 3 ወራት ያለ ክፍያ። የሚጠበቅበት በቀረ ማግስት ማሳወቅና በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማምጣት ነው። ይህን የሚያውቅ ስንት ሠራተኛ አለ? ብዙው ሰው ሲታመም የዓመት ዕረፍቱን ነው የሚያስሞላው። ዕረፍቱን አልጋ ላይ ይጨርስና ሲድን ደክሞት ይመለሳል።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ፤ እሱንም እንወቀው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ ድርጅቱ ባዘጋጀው ሰርቪስ ውስጥ አደጋ ቢደርስባችሁ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል። በታክሲ እየተጋፋችሁ፣ ወይም በእግራችሁ ስትጣደፉ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ብትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያው ሰው፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ሰርቪስ መኖርና አለመኖሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርቪስ የሌለው ድርጅት ቢያንስ በዝናብ ቀን የ10 ደቂቃ መዘግየትን ይቅር ቢል ምን ይጎዳዋል? በጭቃ ላይ የሚሮጥ ሠራተኛ ወይ ይደርሳል፣ ወይ እግሩ ይሰበራል።

ለአሠሪዎችም ፍርድ እንስጥ። 3 ሠራተኛ ይዞ ሱቅ የሚያስተዳድር ሰው አንዱ ሲቀርበት ሲሶው ሱቅ ነው የሚቀርበት። በዚያ ላይ ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚነሳ በሽታ አለ። እሑድ ሠርግ ላይ ሲጨፍር የታየ ሰው ሰኞ ጠዋት «ትኩሳት አለኝ» ብሎ ይደውላል። በዝምድና የሚገኝ የሕመም ወረቀትም አለ። አንድ የሱቅ ባለቤት ሲነግሩን «ልጄ፣ የእኔ ሠራተኞች የሚታመሙት ተራ ይዘው ነው፤ እንደ ዕቁብ!» ብለውናል። አባባላቸው ያስቃል፤ ብሶታቸውም እውነት ነው።

ግን ጋሼን መልሰን ብንጠይቃቸው ጥሩ ነው። ሠራተኛው «ዛሬ አሞኛል» ባለ ቁጥር ፊት የሚነሳው ከሆነ፣ ደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ለምን እውነቱን ይናገራል? እውነትም ውሸትም እኩል የሚያስቀጣ ከሆነ ሰው ውሸቱን ይመርጣል፤ ውሸት ቢያንስ ማስረጃ ይዞ ይመጣል። የሰኞውን በሽተኛ የሚያጋልጠው ቁጣ አይደለም፣ መዝገብ ነው። ማን መቼ እንደቀረ ይጻፍ። ዓመቱን ሙሉ ሰኞ ሰኞ የታመመውና በሁለት ዓመት አንድ ቀን የቀረው ያን ጊዜ ይለያሉ። ያለ መዝገብ ግን ቁጣው የሚያርፈው ሁልጊዜ በሐቀኛው ላይ ነው።

ሌላው ነገር ሥራው ራሱ መለወጡ ነው። ድሮ ገንዘብ ተቀባይ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ዛሬ ገንዘብ ይቀበላል፣ ቴሌብር የገባ መሆኑን በስልክ ያረጋግጣል፣ የባንኩን መልእክት ያነባል፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የሱቁን ዕቃ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ «ይሄ ጫማ ቁጥር 42 አለ?» የሚል ደንበኛ አያጣም። ደመወዙ የአንድ ሰው ነው፤ ሥራው የ4 ሰው ነው፤ አንገቱ ግን አንድ ነው። ቀድሞ መርካቶ ውስጥ ወገቤን የሚለው ወዛደሩ ነበር። ዛሬ ከጆንያው በታች ያለውም፣ ከስልኩ በላይ ያጎነበሰውም እኩል ያቃስታሉ። ለውጡ የመጣው በአዲስ ስልክ ነው፤ አዲስ ወንበርና አዲስ የሥራ ሰዓት ግን አልመጣም።

እዚህ ላይ ስለ ወገብ አንድ ጠቃሚ ነገር እንጣል። ለተራ የወገብ ሕመም ሐኪሞች ዛሬ ለሳምንታት አልጋ ላይ መተኛትን አይመክሩም። ከባድ ነገር አለማንሳት፣ አለመጎንበስ፣ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ነው የሚሻለው። እግር ከደነዘዘና ከዛለ ወይም ሽንት አልመጣም ካለ ግን ዳማከሴውም ወጌሻውም ይቆዩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ደግሞ ማንም ፈቃድ የማይሰጠው ሰው ነው፤ ባለቤቱ ራሱ። ለነጋዴ የሕመም ፈቃድ የሚሰጥ አዋጅ የለም። ሱቁን ከፍቶ የሚዘጋው እሱ፣ ከባንክ ጋር የሚከራከረው እሱ፣ ቼክ የሚፈርመው እሱ ነው። «እኔ ከተኛሁ ማን ይሠራል?» ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ችግሩ መልስ አለማዘጋጀቱ ነው። ደም ግፊት የሚያጠቃው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ግፊት እንደ ጥርስ አይጮኽም። ከ140 በ90 በላይ ወጥቶ ለዓመታት ተቀምጦ ሰውየው «ደህና ነኝ» እያለ ይኖራል። አንድ ቀን ስትሮክ ያደርገውና አንደበቱ ይያዛል። ያን ጊዜ ዱቤ የሰጠው ለማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ተበዳሪዎችም ድንገት መርሳት ይጀምራቸዋል። ግፊቱን መለካት የሚፈጀው 5 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ሽሯችን፣ በርበሬያችንና ዳቧችን ውስጥ ቀድሞ የገባው ጨው ሳይቀር የሚቆጠርበት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ 3 ነገር እንላለን፤ ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የመጀመሪያዋ የሕመም ቀን ያለ ጭቅጭቅ ትሰጥ። ሠራተኛው ይደውል፣ ይመዝገብ፣ ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። መዝገቡ ካለ የሚያጭበረብረው ራሱ ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ አለቃው አንድ ቀን የገዛ ድርጅቱን እንደ እንግዳ ይዙር። የተነቀለችው የደረጃ ንጣፍ፣ የተላጠው የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የምትንሸራተተው የመጸዳጃ ቤት ወለል፣ አንድ እግሯ በካርቶን የተደገፈችው ወንበር፤ ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፣ ሁሉም ሰው ዘሏቸው ያልፋል። አንድ ቀን የማይዘል ሰው ይመጣል። አንድ መሰላል ቢገዛ የወዳጃችን ወገብ፣ ጨጓራና አበል ሦስቱም ይተርፉ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ብዙ ድርጅት ዕቃ ይቆጥራል። ሳሙናው በካርቶን፣ ምስማሩ በኪሎ፣ የጎደለው በቀይ እስክሪብቶ። በዚያው ሳምንት አንድ ነርስ ይጠራና ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም ሰው ግፊቱን ይለካ። ውጤቱ የእያንዳንዱ ሰው ምስጢር ነው፤ ለሰው ኃይል ክፍል አይሰጥም፣ ለሥራ መቀነሻ አይውልም። ይህ ካልተጠበቀ ማንም ክንዱን አይዘረጋም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ወድዶ አይደለም፤ ሲናገር የሚደርስበትን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሊታከም የሚገባው ያ ፍርሃት ነው። «አሞኛል» ያለ ሠራተኛ እንጀራውን የማያጣበት ቢሮ ውስጥ ሰው በጊዜ ይናገራል፤ በጊዜ የተናገረ በጊዜ ይድናል፤ በጊዜ የዳነ ደግሞ ነገ ጠዋት ሥራው ላይ ይገኛል። ከዚህ የተሻለ ትርፍ የሚያስገኝ ንግድ ያለው ሰው ካለ ይንገረንና በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ገጽ እንጨዋወትበታለን።